ድንጋይ የተሸከመው ትሮል

ኖርዝ ላስ ቬጋስ
መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣

ይህ ወረቀት በጤናሽ ያግኝሽ። የሆስፒታሉ ሥራ እንዴት ይዞሻል? ጭንብሉ አፍንጫሽ ላይ ያወጣው ቁስል ዳነ ወይ? ባልሽ ዘውገ ወደ ካዚኖው መመለሱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልጅሽ ሩሐማስ፣ ከፊት የወለቀው ጥርሷ በቀለ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል፣ ግን የሚሰማው የለም። ሁለተኛውን ክትባት ያለፈው ሰኞ ተወጋሁ፤ ክንዴን አንድ ቀን አመመኝ፣ በማግሥቱ ለቀቀኝ። ጾሙም አልከበደኝም።

ይህን የምጽፍልሽ ስልኬን ስለማታነሺ ነው። ሦስት ሳምንት ሞላው። ደብዳቤ ከስልክ የሚሻልበት ነገር አለው፤ ሰው ገና እየተናገረ አይዘጋበትም። ብትቀጂው እንኳ መጀመሪያ ታነቢዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ ስለሆንሁ አማርኛ ማንበብ ረሳሁ አትዪኝም።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ይህ የይቅርታ ደብዳቤ አይደለም። ይቅርታ ስትጠብቂ የከፈትሽው ከሆነ እዚህ ላይ አጥፈሽ አስቀምጪው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። ባለፈው ዓመት መጋቢት ካዚኖዎቹ ሁሉ ሲዘጉ ዘውገ እዚህ እኔ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ጀመረ፤ አንቺ ደግሞ በሽታ ይዤብዎ እመጣለሁ ብለሽ መምጣት ተውሽ። ልጅቱ ኢንስፒራዳ ሰፈር ቤታችሁ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጥጣ ቀረች። “አባባ፣ በቀን አንድ ሰዓት በስልክ ይያዙልኝ፣ ዓይኗ ሊጠፋ ነው” አልሽኝ። እሺ አልሁ። መጻሕፍቱንም ያመጣሽልኝ አንቺው ነሽ። ዘጠኝ ናቸው፣ ያገለገሉ፣ በካርቶን። አንቺም አላነበብሻቸውም፤ ሥዕላቸው ደስ ብሎሽ ነው የገዛሽው። ከበሬ ላይ አስቀምጠሽ አንኳኳሽና ወርደሽ ከመኪናሽ አጠገብ ሆነሽ እጅሽን አወዛወዝሽልኝ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ስገልጣቸው አልወደድኋቸውም። በረዶ ከማይለቀው ከሰሜን አገር የመጡ ናቸው። ድንጋይ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ነገር በራሳቸው ላይ እንደ ጠጉር የበቀለባቸው፣ ሆዳቸው ክብ የሆነ፣ ጅራታም ፍጡሮች። ትሮል ይሏቸዋል። በአማርኛ ስም ላወጣላቸው አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጬ አሰብሁ። ጭራቅ እንዳልላቸው ሰው አይበሉም። ጋኔን እንዳልላቸው ውሃ አይፈሩም፤ እንዲያውም ሲዘንብ ወጥተው ይጨፍራሉ። ትሮል ብዬ ተውኋቸው። የሚኖሩት በተተወ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። አባትየው ሰው የጣለውን ጓንት ይሰበስባል፣ ሥራው ይኸው ነው። እናትየው የመጣውን ሁሉ ማን ነህ ሳትል ታበላለች። ልጆቹ ሲዋሹ ጅራታቸው ይቋጠራል። ሃያ ሁለት ዓመት የካዚኖ ምንጣፍ የጠረግሁ ሰው ነኝ፤ ጓንት የሚለቅም አባወራ ለልጅ ልጄ ምን ያስተምራል አልሁ።

ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ። እንግሊዝኛው አልከበደኝም። ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁ መሆኔን ታውቂያለሽ። ቁማርተኞች ወንበር ላይ ጥለውት የሚሄዱትን ጋዜጣ በእረፍቴ ሰዓት መዝገበ ቃላት ይዤ እየፈታሁ ነው የተማርሁት፤ ማንም አላስተማረኝም። ጠዋት ጠዋት ምዕራፉን አነባለሁ፣ የማላውቀውን ቃል ጽፌ አወጣለሁ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ እናንተ አራት በምትሉት፣ ደውዬ በአማርኛ እነግራታለሁ። አንድ ቀን አላጓደልሁም። ክትባት የተወጋሁ ዕለት እንኳ ብትፈቅጂልኝ ኖሮ እደውል ነበር።

ስነግራት የጎደለውን ሞላሁ። ይህን አልክድም፣ አላፍርበትምም። መጽሐፉ ውስጥ ሽማግሌ ትሮል ሲገባ ልጆቹ ተጋድመው ይቀራሉ። እኔ አስነሣኋቸው። በየምዕራፉ ቅቤ ይበላሉ፤ በጾም ወራት ተልባ አበላኋቸው። አንድ ሌባ ወፍጮ ቤቱ ገብቶ ማርማላታቸውን ሲጨርስ እናትየው ሌላ ጠርሙስ ትሰጠዋለች። እኔ እንጨት አስፈለጥሁት። አባትየውን አያ ጎፈሬ አልሁት፣ ትንሹን ደግሞ ድንቡሼ። ልጅቱ ስቃ ልትሞት። “አባዬ፣ ትሮል ይጾማል?” አለችኝ። “ጨዋ ከሆነ ይጾማል” አልኋት። “ጨዋ ምንድን ነው?” “ሳያንኳኳ የማይገባ” አልኋት። በማግሥቱ ዘውገ ደውሎ “ጋሼ፣ ምን አስተማሩብኝ? መታጠቢያ ቤት ስገባ እንኳ አንኳኳ ትለኛለች” አለኝ። “እኔ ውሃ ይፈልጋል” ትል የነበረች ልጅ “ጠማኝ” ማለት የጀመረችው በማን ነው? በኮምፒውተሩ ነው? በዓመት ውስጥ ያን ያህል አማርኛ ከእኔና ከትሮሎቹ ሌላ ማንም አልሰጣትም። ይህን ሳታነሺ ጥፋቴን ብቻ ማንሣትሽ ፍርድ አይደለም።

ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ ደረስን። ድንቡሼ ተቆጥቶ ከቤት ይወጣል። ለምን እንደተቆጣ እንኳ በደንብ አልተጻፈም። ክረምቱን ሁሉ የት እንደከረመ አይታወቅም። ከዚያ ይመለሳል። በሩን ያንኳኳል። አባትየው ይከፍታል፣ “ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ደረስህ” ይለዋል፣ ሳህን ይጨምራል። አለቀ። የት ነበርህ የለ፣ ማንን አስፈቅደህ የለ፣ እናትህ ምን ሆና እንደከረመች ታውቃለህ የለ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ነበር ያነበብሁት፤ ተናድጄ መጽሐፉን ዘጋሁና ሻዬን ሳልጠጣ ተነሣሁ። ይህ አባት ነው? የሩቅ ዘመድ ልጅ ቢሆን እንኳ ይህን ያህል ዝም አይባልም። ስለዚህ አስር ሰዓት ላይ እርቅ በእኛ ዘንድ እንደሚደረገው አድርጌ ነገርኋት። ድንቡሼ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሁለት ሽማግሌ ትሮሎች ይዞ መጣ አልኋት።

በማግሥቱ የክፍሏ መምህርት ያንኑ ምዕራፍ በኮምፒውተር ለልጆቹ ሁሉ አነበበችላቸው። እኔ ይህ ይሆናል ብዬ ከየት ልወቅ? ሩሐማ እጇን አውጥታ “ድንጋዩስ?” አለች። “የምን ድንጋይ?” አለቻት መምህርቷ። ልጅቱ ቆማ ድንጋዩን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጾሙን ሳይቀር ተናገረች። ልጆቹ ሳቁባት። መምህርቷ ገጹን አሳየቻት። ይህን ሁሉ ካንቺ ነው የሰማሁት፤ አልቅሳ ኮምፒውተሩን ከደነችው፣ አንቺም ከሥራ ስትገቢ በክፍሏ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችሽ።

ወዲያው ደወልሽ። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጪ “አባባ፣ ያ ትሮል እኔ ነኝ?” አልሽኝ።

“አንቺ ጅራት የለሽም” አልሁሽ።

የሳቅሽ መስሎኝ ነበር። ሳቅ አልነበረም። “ልጄን በእኩዮቿ ፊት አዋረዷት። እሷን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፣ ምዕራፉንም እንደተጻፈው ያንብቡላት። እስከዚያ አስር ሰዓት ላይ ስልክ የለም” ብለሽ ዘጋሽው።

ከዚያ በኋላ ያልመጣብኝ አስታራቂ የለም። ዘውገ ከሥራ እረፍቱ ላይ ደውሎ “ጋሼ፣ እዚህ አገር ሶሪ ማለት እኮ ደህና ዋሉ ማለት ነው፤ ይበሉትና ይገላገሉ” አለኝ። “እንግዲያው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ትለምነኛለህ?” አልሁት። ወዳጄ ወንድይራድ ደግሞ ታክሲውን ከታች ፓርክ አድርጎ፣ ጭንብሉን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ወደ ፎቅ እያየ ጮኸብኝ። “አንተ ሰውዬ፣ ሰባ አራት ዓመት ሆነህ ከትሮል ጋር ትጣላለህ?” አለኝ። “ከትሮል ጋር አልተጣላሁም” አልሁት። “አውቃለሁ፣ እሱ ነው ችግሩ” ብሎኝ ሄደ።

“ያ ትሮል እኔ ነኝ?” ብለሽ ያን ቀን ያነሣሽው አንቺ ነሽና እኔም ላንሣው። አስራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

አንቺና ዘውገ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በሁለት ሺፍቶቹ መካከል፣ በካዚኖዎቹ ጎዳና በስትሪፑ ዳር ካለ ቻፕል፣ ቸኩሎ ከሚያጋባ ጸሎት ቤት፣ ገብታችሁ በሃያ ደቂቃ ተጋባችሁ። ሽማግሌ አልተላከም። እኔ አልተጠየቅሁም። እናትሽ የሰማችው ልብስ ማጠቢያ ቤት ከቆመች ጎረቤት ነው፤ ያልታጠበውን ልብስ ተሸክማ ተመለሰች። በሰው አገር ለፍተን ያሳደግንሽ አንድ ልጅ ነሽ። ዘውገ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሽማግሌ ቢልክ ምናልባት ሦስት ጊዜ አመላልሼ እሺ እል ነበር። ያንን የመለመን ክብር ነው የነሣችሁኝ። ዛሬም ትክክል ነበራችሁ አልልም። ነገም አልልም።

በስድስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ወንድይራድንና ጓደኛዬን አወልን ለሽምግልና ይዘሽ መጣሽ። ነሐሴ ነበር፣ ሙቀቱ በፋራናይት መቶ አስራ ሁለት ዲግሪ። ወንድይራድ ደንቡ እንዳይጎድል ብሎ ከግቢያችን ድንጋይ አነሣ፤ በዚህ ከተማ ሣር በሚተከልበት ቦታ የሚደረደረው ድንጋይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ። መሃረቡን አነጠፈልሽና በጫንቃሽ ላይ አደረገልሽ። አርባ ደቂቃ ቆማችሁ። አወል “እኛ ምን አጠፋን? ለእኛ እንኳ ክፈትልንና ኤሲው ሥር ሆነን እንለምንህ” ይል ነበር። በመጨረሻ ድንጋዩን አወረድሽና ሄድሽ። ወንድይራድ ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ቦታው መለሰው፤ ማኔጀሩ በካሜራ ያየኛል ብሎ።

እኔ ያን ጊዜ መኝታ ቤት ጋደም ብዬ ነበር። እናትሽም እንዲሁ ነግራሻለች፤ ነፍሷን ይማርና ብርቅታይት ዋሽታ አታውቅም።

ከዚያ ሩሐማ ተወለደች፣ እናትሽ አልቅሳ ጎተተችኝ፣ ክርስትናው ላይ መጣሁ፣ በላሁ፣ መረቅሁ። አንቺም ምንም አላልሽ፣ እኔም። እርቅ የሚባለው ነገር ሳይደረግ እንዲሁ ዘመድ ሆነን ቀጠልን። እኔ እንደተፈጸመ ነበር የቆጠርሁት።

አሁን ደግሞ ልጅቱ ያልነገረችሽን ልንገርሽ። አዲስ ያወጣሁት ተረት እንጂ ሌላ ነገር አድርገሽ እንዳትወስጂው።

ድንቡሼ በር ላይ ቆሟል ስላት “አባቱ ተኝቶ ነው?” አለችኝ። አልተኛም አልኋት። አያ ጎፈሬ ከበሩ ኋላ ነበር፣ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ፣ በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ እያየ። ድንቡሼ አንዱን እግሩን አንሥቶ በሌላው ይቆማል፤ ድንጋዩ ወደ ግራ ሲንሸራተት በአገጩ ይይዘዋል፤ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። “አባዬ፣ ስኖው ነው አላልክም? ለምን ላብ አለው?” አለችኝ፤ ስኖው የምትለው በረዶውን ነው። ድንጋዩ ከብዶት ነው አልኋት። “አባቱ እያየው ነው?” አለች። አዎ። “ታዲያ ለምን አይከፍትም? እጁን አሞታል?”

ልጄ፣ እኔ ብዙ ሰው ተከራክሮኝ ያውቃል። የካዚኖ አለቃ፣ የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር፣ የኢሚግሬሽን ሰው። መልስ አጥቼ አላውቅም።

“አዎ፣ እጁን አሞት ነበር” አልኋት።

“አሁን ዳነ?” አለችኝ።

“ነገ እንቀጥላለን” ብዬ ዘጋሁት። ነገ የተባለው የመምህርቷ ቀን ሆነና እስከ ዛሬ አልቀጠልንም። እሷ እንግዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ሰው እጁን እንዳመመው ነው የምታውቀው።

አሁን የማደርገውንና የማላደርገውን ልንገርሽ። የቀሩትን ስምንት መጻሕፍት አላርምም። ትሮሎቹ ለሽማግሌ ይነሣሉ፣ ይጾማሉ፣ ሌባውም እንጨቱን ይፈልጣል። በዚህ ማንም ይቅርታ አያስጠይቀኝም። የሰባተኛውን ያን ምዕራፍ ግን እንደተጻፈው ወደ አማርኛ ገልብጬዋለሁ፤ ከዚህ ጋር አለ። ስምንት ገጽ ነው፣ መስመር ባለው ወረቀት ላይ፣ ፊደሉን አተልቄዋለሁ። አንድ ቃል አልጨመርሁም። ሁዳዴ ሆኖ ሳለ ቅቤውን ቅቤ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ለሩሐማም በራሴ አፍ እነግራታለሁ፦ ድንጋዩን የጨመርሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ የሰማሽውን በትክክል ነው የተናገርሽው፣ የሳቁብሽ ልጆች የሳቁት በእኔ ነው። ይህን ይቅርታ ነው ካልሽ አንቺ በይው። እኔ እውነቱን መናገር ነው የምለው።

እግዚአብሔር ከምትገቢበት ክፍል ሁሉ በጤና ያውጣሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ይዳንልሽ። ዘውገን ከቤቱ አያርቅብሽ። ልጅሽ አድጋ፣ እንዳንቺ ልበ ደረቅ ሆና፣ ግን ከእኔ የተሻለ ሰው ገጥሟት ለማየት ያብቃሽ። ከእናትሽ ጸሎት የተረፈው ሁሉ ላንቺ ይሁን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ታነሺዋለሽ። ሰባቱን ገጽ እኔ አነብላታለሁ። ስምንተኛውን፣ ልጁ አንኳኩቶ አባትየው የሚከፍትበትን፣ ትናንትም ዛሬም ለብቻዬ ድምፅ አውጥቼ ሞክሬው ነበር። በሩ ላይ ስደርስ የዚህ የመጋቢት አቧራ መስኮት ልዘጋ እያስነሣኝ መጨረስ አልቻልሁም። እሱን አንቺ አንብቢላት። ፊደሉን ታውቂዋለሽ። ቀስ ብለሽ፣ መስመር ሳትዘዪ አንብቢው። እኔ ከስልኩ ወዲያ ሆኜ እሰማለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ድምፄ ባይሰማሽ መስመሩ ተቋርጧል ብለሽ እንዳትዘጊው። አለሁ።

አባትሽ